ጉስታቭ ግራትስ፦ በሁለት ወገን መካከል የቆመ ባለሙያ

የሥልጣን ዘመናቸው ረጅም ስለ ነበረ ብቻ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ቦታ የሚሰጣቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ሀንጋሪያዊው ዲፕሎማት፣ የኢኮኖሚ ሊቅና ፖለቲከኛ ጉስታቭ ግራትስ ግን ከእነዚህ ወገን የሚቆጠር አይደለም። በገንዘብ ሚኒስትርነት የቆየው ሦስት ወር ያህል ነው፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የሠራበት ጊዜ ደግሞ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ሁለት ጊዜ ታስሯል፤ መጀመሪያ የገዛ አገሩ መንግሥት፣ ኋላም የሂትለር ፖሊሶች አሰሩት። የተሰለፈለት ንጉሥ ዙፋኑን ሳያገኝ በስደት ሞተ። የደከመለት የዳኑብ አገሮች የንግድ ትብብርም እርሱ ባሰበው መንገድ አልተፈጸመም። ይህም ሁሉ ሆኖ የኦስትሪያና የሀንጋሪ ጥምር መንግሥት በምን ምክንያት እንደ ወደቀ ከኢኮኖሚ አንጻር ሊመረምር የሚነሣ ሰው ዛሬም የግራትስን መጻሕፍት ሳይገልጥ አያልፍም። ስለዚህ ሹመቱ በወራት፣ ሥራው ግን በትውልድ የሚቆጠር ሰው ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የትውልድ ስፍራውና የወጣትነቱ ዘመን

ግራትስ መጋቢት 30 ቀን 1875 በያኔዋ ሰሜን ሀንጋሪ፣ ሴፔሽ በሚባለው አውራጃ፣ ጎልኒትስባንያ በተባለች ትንሽ የማዕድን ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ገልኒትሳ ተብላ የምትጠራ ሲሆን የምትገኘውም በስሎቫኪያ ውስጥ ነው። በዚያ አውራጃ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የሰፈሩ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ይኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች በቤታቸው ጀርመንኛ ቢናገሩም ለሀንጋሪ ዘውድ ታማኝነታቸው የቆየና የታወቀ ነበር። የግራትስም ቤተሰብ ከእነርሱ ወገን ነው። ቋንቋው አንድ፣ አገሩ ሌላ የሆነ ሰው ሁለቱን ሳያጣላ መኖር ይችላል የሚለው እምነቱ ከመጻሕፍት የተገኘ ሳይሆን ከልጅነቱ ያየው ኑሮ ነበር። የሕይወቱ ፈተና ሁሉ በኋላ የመጣው በዚሁ እምነት ላይ ነው።

ሕግ አጥንቶ በጋዜጠኝነት ከሠራ በኋላ ስሙን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። በጥር ወር 1900 በቡዳፔስት የወጣት ምሁራን ቡድን ሃያኛው ምዕተ ዓመት የሚል ስም ያለው መጽሔት ሲያቋቁም የመጀመሪያው አዘጋጅ ግራትስ ሆነ። የመጽሔቱ ዓላማ የኅብረተሰብን ሕይወት እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ነገር በሳይንስ ዘዴ መመርመር ነበር። በጊዜው ስመ ጥር የነበረው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ኸርበርት ስፔንሰርም ለመጽሔቱ የመልካም ምኞት ቃል ልኮለታል። በሚቀጥለው ዓመት የማኅበራዊ ሳይንስ ማኅበር ተመሠረተ፤ ከግራትስ ጋር ከሠሩት መካከል በኋላ የሀንጋሪ ተራማጆች መሪ ለመሆን የበቃው ኦስካር ያሲ ይገኝበታል።

የማኅበሩ ሰላም ግን አልሰነበተም። ከፊሉ አባላት ምርምሩ ወደ ፖለቲካ ትግል መሻገር አለበት ሲሉ፣ ከፊሉ ደግሞ ሁሉም አሳብ የሚደመጥበት መድረክ ሆኖ ይቆይ አሉ። በ1906 ክፍፍሉ ሲፈነዳ ለዘብተኞቹ ማኅበሩን ለቀው ወጡ፤ ግራትስም አብሯቸው ወጣ። መጽሔቱ በያሲ እጅ ቀረ። ግራትስ ለውጥ አያስፈልግም የሚል ሰው አልነበረም። ያረጀ ቤት ሲጠገን ነዋሪዎቹ በውስጡ እንዳሉ መዘንጋት የለበትም ብሎ የሚያምን ነበር እንጂ። ይህ አቋሙ በቀኝም በግራም ወዳጅ አላበዛለትም።

የአሥር ዓመቱ ድርድር

ግራትስ ከጽሑፍ ሥራ ወደ ፓርላማና ወደ ኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማኅበር የተሻገረው የጥምር መንግሥቱ ኢኮኖሚ ትልቁ የአገር ጥያቄ በሆነበት ጊዜ ነው። የ1867ቱ ስምምነት ኦስትሪያንና ሀንጋሪን በአንድ ንጉሥ፣ በአንድ ጦርና በአንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲያስተሳስር፣ ሁለት ፓርላማና ሁለት መንግሥት ግን እንዲኖር ፈቅዶ ነበር። የጉምሩክ ኅብረቱ ውልና ለጋራ ወጪ እያንዳንዱ ወገን የሚያዋጣው ድርሻ በየአሥር ዓመቱ እንደገና መደራደርን ይጠይቁ ነበር። በ1907 በተደረሰው ስምምነት የሀንጋሪ መዋጮ ከመቶ 36.4፣ የኦስትሪያው 63.6 እንዲሆን ተወሰነ። ይህች ከነጥብ በኋላ ያለች አንዲት አኃዝ ካቢኔ ታናጋ፣ ጋዜጣ ታሞቅ፣ ሕዝብም በአደባባይ ታሰልፍ ነበር።

ግራትስ የአገሪቱ ኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲሠራ ይህን ጉዳይ ከሥሩ አጠናው። የሀንጋሪ ስንዴና ዱቄት በጋራው ቀረጥ ተጠብቆ የኦስትሪያን ገበያ ይመግብ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ቡዳፔስት በዓለም ከታወቁት ታላላቅ የዱቄት ፋብሪካ ከተሞች አንዷ ለመሆን በቃች። በአንጻሩ የኦስትሪያና የቦሄሚያ ጨርቃ ጨርቅ የሀንጋሪን ገበያ ያጥለቀልቅ ስለ ነበር የአገሩ ፋብሪካ ሠሪ ከለላ ይፈልግ ነበር። ባለ መሬቱ ኅብረቱ እንዲጸና ይሻል፤ የነፃነት ፓርቲ ሰዎች የተለየ የጉምሩክ ወሰን ይጠይቃሉ። ግራትስ ሁለቱንም ካዳመጠ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ትልቁ ገበያ ከነጉድለቱ ከብዙ ትንንሽ ገበያዎች እንደሚሻል ነበር። ከዚህ መደምደሚያም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተነቃነቀም።

ጦርነትና ዳቦ

በ1914 የፈነዳው ጦርነት የዚህን አሳብ ጥንካሬም ድክመትም ገለጠ። በ1915 ጀርመናዊው ፖለቲከኛ ፍሪድሪኽ ናውማን መካከለኛው አውሮፓ በአንድ የኢኮኖሚ ኅብረት እንዲታሰር የሚጠይቅ መጽሐፍ ሲያሳትም ክርክሩ በቪየናና በቡዳፔስት ተቀጣጠለ። ግራትስ በቪየና የጋራው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የንግድ ጉዳይ መምሪያ ኃላፊ በመሆን ከጀርመን ጋር በሚደረገው የጉምሩክ ድርድር ተካፈለ። በሰኔ 1917 በሞሪትስ ኤስተርሃዚ ካቢኔ የሀንጋሪ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ካቢኔው ሁለት ወር ቆይቶ ወደቀና በሻንዶር ቬከርሌ ካቢኔ ተተካ፤ ግራትስም በመስከረም ሹመቱን ለቆ ወደ ቪየና ተመለሰ። የጦር ወጪ በብድርና በወረቀት ገንዘብ በሚሸፈንበት በዚያ ወራት አንድ የገንዘብ ሚኒስትር ሊያደርግ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር።

ከባዱ ሥራ የጠበቀው በብሬስት ሊቶቭስክ ነው። ከሩሲያ ጋር የሰላም ንግግር በሚካሄድበት በዚያ የምሽግ ከተማ ግራትስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኦቶካር ቼርኒን መልእክተኛ ቡድን አባል ነበር። በጥር 1918 በቪየና የአንድ ሰው የቀን የዱቄት ራሽን ከ200 ግራም ወደ 165 ግራም ሲወርድ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ አድማውም ወደ ቡዳፔስትና ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ቼርኒን ከጠረጴዛው ማዶ ከተቀመጡት ሰዎች ይልቅ ከኋላው ያለውን ረሃብ ይፈራ ነበር። የካቲት 9 ቀን ከዩክሬን ጋር የተፈረመው ውል ሕዝቡ የዳቦ ሰላም የሚል ስም የሰጠውም ስለዚህ ነው። ዩክሬን እስከ ሐምሌ መጨረሻ 1,000,000 ቶን እህል እንድታቀርብ ተስማማች።

እህሉ ግን በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈው አልመጣም። የባቡር መንገዱ ተበላሽቷል፤ ገበሬው ዋጋ በሌለው ገንዘብ እህሉን አልሸጥም አለ፤ ጦር ተልኮ በኃይል ሲወሰድበትም ዐመፀ። በመጨረሻ የደረሰው ከተባለው እጅግ ያነሰ ነበር። ግራትስ በዚህ ጊዜ ያስተዋለው ሌላም ነገር አለ። በአንድ የጉምሩክ ወሰን ውስጥ የሚኖሩት ኦስትሪያና ሀንጋሪ ራሳቸው እህል ይከላከሉ ነበር፤ ቪየና ስትራብ ቡዳፔስት ስንዴዋን ያዘች። የኢኮኖሚ ኅብረት በውል ሊጻፍ ይችላል፤ መተማመን ከሌለ ግን ጆንያው ከጎተራው አይወጣም። ኅብረቱን የደገፈው ሰው ኅብረቱ ከውስጥ ሲላላ ከቅርብ ሆኖ አየ።

የወደቀ ዛፍ

በ1918 መጸው ጥምር መንግሥቱ ተበታተነ። በሀንጋሪ የሚሃይ ካሮይ ሪፐብሊክ ተነሥቶ ወደቀ፤ በመጋቢት 1919 ቤላ ኩን የመሠረተው የምክር ቤቶች መንግሥትም ከመቶ ሠላሳ ጥቂት በሚበልጡ ቀናት ውስጥ አበቃ። ከዚያ በኋላ ሚክሎሽ ሆርቲ ሥልጣን ያዘ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ጎረቤቶች ሁሉ ድርሻቸውን ወሰዱ፤ ሰኔ 4 ቀን 1920 በትሪያኖን በተፈረመው ውል ሀንጋሪ ክሮኤሽያን ሳይጨምር ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን አጣች፤ ከ18 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝቧም ወደ 7.6 ሚሊዮን ወረደ። የግራትስ የትውልድ ከተማ በቼኮስሎቫኪያ ወሰን ውስጥ ቀረች።

ግራትስ በዚህ ጊዜ አገሩን በቪየና ይወክል ነበር። ከ1919 መጨረሻ እስከ 1921 መጀመሪያ በቆየበት በዚያ ሹመት ትልቁ ችግር ጀርመንኛ ተናጋሪዎች የሚበዙበት፣ ኋላም ቡርገንላንድ የተባለው ምዕራባዊ የሀንጋሪ ክፍል ለኦስትሪያ እንዲሰጥ መወሰኑ ነበር። በጥር 1921 የፓል ቴለኪ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። የግራትስ መንገድ ግልጽ ነበር፤ ወሰኑን ወዲያው መመለስ ካልተቻለ ቢያንስ ዕቃውና እህሉ በወሰኑ ላይ እንዲያልፍ ማድረግ። በመጋቢት አጋማሽ እርሱና ቴለኪ ብሩክ በምትባለው የኦስትሪያ ከተማ ከቼኮስሎቫኪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከኤድቫርድ ቤኔሽ ጋር ተገናኝተው ስለ ኢኮኖሚ ግንኙነትና በሁለቱ አገሮች መካከል ስላሉት ችግሮች ተነጋገሩ። በቅርቡ የተጣሉ ጎረቤቶች በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ይህ ጅምር ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። በፋሲካ እሑድ፣ መጋቢት 27 ቀን፣ ከዙፋኑ የራቀው ንጉሥ ካርል ሳይታሰብ ቡዳፔስት ገብቶ ሆርቲን ሥልጣኔን መልስልኝ አለው። ሆርቲ እምቢ አለ፤ ጎረቤት አገሮች ጦርነት እንደሚያነሡ ዛቱ፤ ንጉሡም ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሰ። የቴለኪ መንግሥት ሲወድቅ ግራትስም አብሮ ወረደ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በሥራ ዘመኑ ሁሉ ይበልጥ የሚያከራክር ነው። በጥቅምት 1921 ካርል በአውሮፕላን ተመልሶ ሲመጣና ወደ ቡዳፔስት ሲገሰግስ፣ ዐሥርት ዓመታትን በሂሳብና በጥንቃቄ ያሳለፈው ግራትስ ከንጉሡ ጎን ቆመ፤ በኢሽትቫን ራኮቭስኪ የሚመራውም የንጉሡ ካቢኔ አባል ሆነ። ለእርሱ ንጉሡ የግለሰብ ጉዳይ አልነበረም፤ የዳኑብን ሕዝቦች እንደገና ሊያሰባስብ የሚችል የመጨረሻው ክር መስሎ ታይቶት ነበር። ግን ያንን ክር ቼኮችም፣ ሩማንያውያንም፣ ደቡብ ስላቮችም እንደ ማሰሪያ ገመድ ያዩት ነበር። ከቤኔሽ ጋር በመጋቢት የተነጋገረው ሰው ይህን ከማንም በተሻለ ማወቅ ይገባው ነበር። ጥቅምት 23 ቀን ከቡዳፔስት ደጃፍ በቡዳኦርሽ በተደረገ አጭር ውጊያ የንጉሡ ወገን ተሸነፈ፤ ግራትስም ከሌሎቹ ጋር ታሰረ። ጥቂት ቆይቶ ቢፈታም የሚኒስትርነት በር ለዘለዓለም ተዘጋበት። ካርል ሚያዝያ 1 ቀን 1922 በማዴይራ ደሴት በስደት ሞተ።

የተሻረ ሰው መጻሕፍት

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ብሂል በግራትስ ላይ አልሠራም። ከሥልጣን ይዞት የወጣው ሀብት የሰነዶችና የድርድሮች ትዝታ ነበር፤ እርሱንም ወደ መጽሐፍ ለወጠው። የካርኔጊ የዓለም ሰላም ድርጅት ስለ ጦርነቱ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ታሪክ ባሳተመው ታላቅ ተከታታይ ሥራ ውስጥ ከኦስትሪያዊው የንግድ ድርድር ሊቅ ከሪሻርድ ሹለር ጋር ሁለት መጻሕፍት ጻፈ። በ1925 የወጣው የጥምር መንግሥቱን የውጭ ኢኮኖሚ ፖሊሲና የመካከለኛው አውሮፓን ዕቅድ፣ በ1930 የወጣው ደግሞ የኢኮኖሚውን መውደቅ ይመረምራል። የሁለቱ ደራሲዎች መጣመር ራሱ ትርጉም ነበረው። ትናንት ሹለር የኦስትሪያን፣ ግራትስ የሀንጋሪን ጥቅም ያውቁ ነበር፤ አሁን የሁለቱም አገሮች ስሕተት በአንድ መዝገብ ሰፈረ።

በዚሁ በ1925 ስለ ሀንጋሪ ኢኮኖሚ በየዓመቱ የሚወጣ ዓመታዊ መጽሐፍ በጀርመንኛ ማዘጋጀት ጀመረ። የተቆረጠችው ሀንጋሪ ምን እንደምታመርት፣ ምን ያህል እንደምትበደርና ለማን እንደምትሸጥ የውጭ አገር አንባቢ በአኃዝ እንዲያውቅ ማድረግ ለእርሱ ሌላ ዓይነት የዲፕሎማሲ ሥራ ነበር። በ1934 በሁለት ቅጽ ያሳተመው የጥምር መንግሥቱ ዘመን ታሪክና በ1935 ያስከተለው የአብዮቶቹ ዘመን ታሪክም በሀንጋሪ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ መሠረታዊ ሥራዎች ሆነው ቆይተዋል።

ግራትስ በመጻሕፍቱ ያስጠነቀቀው ነገር በሌላ መልክ ተፈጸመ። የዳኑብ አገሮች እርስ በርሳቸው ቀረጥ ሲከምሩ፣ ከ1929 በኋላ የስንዴ ዋጋ ሲወድቅ፣ ለሀንጋሪ እህል ገበያ ከፍታ የተገኘችው የሂትለር ጀርመን ነበረች። በየካቲት 1934 የንግድ ውል ተፈረመ፤ በዐሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ከሀንጋሪ የውጭ ሽያጭ ግማሽ ያህሉ ወደ ጀርመን ይሄድ ነበር። ትንንሾቹ በፈቃዳቸው ያልመሠረቱትን ገበያ ትልቁ በፈቃዱ መሠረተው።

የሁለት ቋንቋ ሰው

በአዲሱ ወሰን ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ቀርተው ነበር። በ1924 የሀንጋሪ ጀርመኖች የሕዝብ ትምህርት ማኅበር ሲቋቋም ግራትስ ሊቀ መንበር፣ ፕሮፌሰር ያኮብ ብላየር ደግሞ የሥራው አንቀሳቃሽ ሆኑ። የማኅበሩ ዋና ጥያቄ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ነበር። በ1923 የወጣው ደንብ ሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት ይፈቅድ ነበር፤ አንደኛው በጀርመንኛ የሚያስተምር፣ ሁለተኛው በሁለቱም ቋንቋ፣ ሦስተኛው በሀንጋሪኛ እያስተማረ ጀርመንኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚሰጥ። በተግባር የበዛው ሦስተኛው ዓይነት ነበር።

ግራትስ ለመንግሥት የሚያቀርበው ክርክር ቀላል ነበር፤ በቋንቋው ያልተገፋ ዜጋ ለአገሩ ታማኝ ይሆናል፤ የተገፋ ግን ከወሰን ማዶ ጠባቂ ይፈልጋል። ይህን በማለቱ ለሀንጋሪ ብሔርተኞች የጀርመን ተላላኪ መሰላቸው፤ ከበርሊን ለሚታዘዙት ወጣቶች ደግሞ ወገኑን የሸጠ ሰው ሆነ። ሁለቱም በሁለት ቢላዋ የሚበላ አሉት። ብላየር በታኅሣሥ 1933 ከሞተ በኋላ በፍራንስ ባሽ ዙሪያ የተሰባሰቡት አክራሪዎች እየጠነከሩ ሄዱ። በኅዳር 1938 ባሽና ወገኖቹ ፎልክስቡንድ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ በነሐሴ 1940 በቪየና በተፈረመ ስምምነትም የሀንጋሪ መንግሥት ይህንኑ ድርጅት የጀርመኖች ብቸኛ ወኪል አድርጎ ተቀበለ። የግራትስ መካከለኛ መንገድ ተዘጋ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

መጋቢት 19 ቀን 1944 የጀርመን ጦር ሀንጋሪን ሲይዝ ጌስታፖ የሚይዛቸውን ሰዎች ስም አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። በናዚዎች ላይ የቆሙ ፖለቲከኞችና የዘውድ ወገን መሪዎች ሲታፈሱ ግራትስም ተይዞ ኦስትሪያ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ተጋዘ። የጀርመንን ቋንቋና ባህል ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከርላቸው የኖረ፣ ወደ ሰባ ዓመቱ የተጠጋ ሰው፣ በጀርመንኛ ትእዛዝ ታሰረ። ከካምፑ በሕይወት ወጣ።

ወደ ቡዳፔስት ሲመለስ ግን ሌላ መዓት ጠበቀው። ታኅሣሥ 22 ቀን 1945 የወጣው ድንጋጌ በ1941 የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ብሔሩን ወይም የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ጀርመንኛ ብሎ ያስመዘገበ ዜጋ ወደ ጀርመን እንዲባረር አዘዘ። ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ እውነቱን የተናገረ ገበሬ ያ እውነት የመባረሪያ ወረቀቱ ሆነ። ለልማት የተሰበሰበ አኃዝ ለቅጣት ዋለ። የመጀመሪያው ባቡር የተነሣው ጥር 19 ቀን 1946 ሲሆን የተነሣባትም መንደር ያችው ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የንጉሡና የግራትስ ተስፋ የተቀበረባት ቡዳኦርሽ ነበረች። እስከ 1948 ድረስ ከ150,000 በላይ ሰዎች ተባረሩ። ፎልክስቡንድን የሸሸውም የተከተለውም በአንድ ፉርጎ ተጫነ።

በዚያው ዓመት የሀንጋሪ ገንዘብ ፔንጎ በዓለም ታሪክ ታይቶ በማይታወቅ የዋጋ ንረት ፈራረሰና ነሐሴ 1 ቀን 1946 ፎሪንት ተተካበት። በ1917 የአገሩን ካዝና የጠበቀው ሰው የአገሩ ገንዘብ መንገድ ላይ ሲጠረግ አየ። ኅዳር 21 ቀን 1946 በሰባ አንድ ዓመቱ በቡዳፔስት ዐረፈ። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ስለ ነበረችው ሀንጋሪ የጻፈው መጽሐፍ በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ቀርቶ የታተመው በ2001፣ ከሞተ ከአምሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

የግራትስን የሥራ ዘመን የሚመረምር ባለሙያ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያገኛል። ግራትስ ሂሳቡን በትክክል ያነብ ነበር፤ ትንንሽ አገሮች ገበያቸውን በፈቃዳቸው ካላስተባበሩ ኃይለኛ እንደሚያስተባብራቸው፣ ቋንቋውን የተነፈገ ሕዝብም ለባዕድ መሣሪያ እንደሚሆን አስቀድሞ አይቷል። ያላየው ነገር፣ ለእርሱ የአንድነት ምልክት የሆነው ዘውድ ለጎረቤቱ የባርነት ምልክት መሆኑን ነው። የመጀመሪያውን ያስገኘለት ዕውቀቱ ሲሆን ሁለተኛውን የጋረደበት ፍቅሩ ነበር። ሁለቱም ባሉበት ሰው ዘንድ ታማኝነቱ የሚለካው የተሳሳተበትን ዘመን ሰነድ ሳይደብቅ ለሚመጣው ትውልድ በማስቀመጡ ነው፤ ግራትስም ይህን አድርጓል።